ዜብራፊሽ፣ አይጥ፣ ዝንብ ወይስ ትል? ለምርምር የሚሆን እንስሳ አመራረጥ

በ2017 በሳራ ቲሽኮፍ የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን የቆዳ ቀለም ከየትኞቹ ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ የሚያሳይ ጥናት አወጣ። የተጠኑት ከ2,000 በላይ ሰዎች ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና ነበሩ። ከተገኙት ጂኖች አንዱ ኤምኤፍኤስዲ12 ይባላል። ግን አንድ ጂን ከጥቁር ወይም ከቀይ ቆዳ ጋር አብሮ መገኘቱ ሥራው ምን እንደሆነ አይነግረንም። ለዚያ ጂኑን አጥፍቶ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ሰው ላይ አይሞከርም። ስለዚህ ዜብራፊሽ ላይ አጠፉት፤ የዓሣው ቢጫ ቀለም ጠፋ። አይጥ ላይ አጠፉት፤ ቡናማው ፀጉር ግራጫ ሆነ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ቡድን ሁለቱንም እንስሳ የመጠቀም አቅም ነበረው። አብዛኛው የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪ ግን አንዱን መምረጥ አለበት። ከመረጠ በኋላም ዓመታት አብሮት ይኖራል። ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚደረገው «አማካሪዬ ያለው ይሄ ነው» ወይም «ዜብራፊሽ ርካሽና ፈጣን ነው ሲባል ሰምቻለሁ» ተብሎ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት አንዳንዴ የማይታለፍ ነው፤ ሁለተኛው ግን ግማሽ እውነት ነው። እኔ የማምንበት አካሄድ ሌላ ነው። ጥያቄያችሁ መልስ እንዲያገኝ በዓይናችሁ ምን ማየት አለባችሁ? ያንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። እንስሳው ከዚያ ዓረፍተ ነገር ይወጣል።

ዜብራፊሽ የሚያሸንፍበት ቦታ

ዜብራፊሽ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጎኑ ላይ ሰማያዊ መስመሮች ያሉት ትንሽ ዓሣ ነው። ትውልዱ በሕንድ፣ በባንግላዴሽና በኔፓል ጅረቶችና የሩዝ ማሳዎች ነው። ወደ ጄኔቲክስ ያስገባው በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆርጅ ስትራይዚንገር ነው፤ ሥራው በ1981 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። በ1996 ደግሞ በጀርመን ቱቢንገንና በአሜሪካ ቦስተን የነበሩ ሁለት ቡድኖች ብዙ ሺህ ሚውታንቶችን (ጂናቸው የተለወጠ ዓሦችን) ለቅመው ውጤቱን በአንድ የመጽሔት እትም፣ በ37 ጽሑፎች አወጡ። ከዚያ ወዲህ ዓሣው ከላብራቶሪ አልጠፋም።

ዋናው ጉልበቱ ፅንሱ ነው። ሴቷ እንቁላሏን ውኃ ውስጥ ትጥላለች፤ ወንዱ እዚያው ያዳብረዋል። አንድ ጥንድ በአንድ ጠዋት 100፣ 200 ወይም ከዚያ በላይ እንቁላል ይሰጣል። ፅንሱ ብርሃን ያሳልፋል። በ28.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በ24 ሰዓት ውስጥ ራስ፣ ዓይን፣ ጀርባና ጅራት ይለያሉ፤ ልብ መምታት የሚጀምረውም በዚሁ ሰዓት አካባቢ ነው። በሁለትና በሦስት ቀን ይፈለፈላል። በአምስተኛው ቀን እየዋኘ ምግቡን ያድናል። ይህን ሁሉ ምንም ሳትቆርጡ፣ ምንም ሳትገድሉ፣ በተራ ማይክሮስኮፕ ታያላችሁ። አይጥ ላይ ግን ፅንሱ ማህፀን ውስጥ 20 ቀን ገደማ ተሸሽጎ ይቆያል። በመሀል ማየት ከፈለጋችሁ እናትየዋን መግደል አለባችሁ። ለዚያውም የምታገኙት ከስድስት እስከ ስምንት ግልገል ነው።

ለአንጎል ጥናትም ይህ ግልጽነት ትልቅ በር ከፍቷል። የዓሣው እጭ፣ ማለትም ገና ከእንቁላል የወጣው ልጅ፣ አንጎሉ 100,000 ያህል የነርቭ ሴሎች አሉት። በ2013 በአሜሪካ የጄኔሊያ የምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ከእነዚህ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑትን በአንድ ጊዜ፣ በሕይወት ባለ እጭ ውስጥ፣ ሲሠሩ ቀርጸዋል። አይጥ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም። በሌላ በኩል ዓሣ ኮርቴክስ (የአጥቢዎች አንጎል የላይኛው ንብርብር) የለውም። ጥያቄያችሁ ስለ ኮርቴክስ ከሆነ ውይይቱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ አይጥ ውሰዱ።

የጂን ዝምድናስ? የዜብራፊሽ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም የዘር መረጃው በሙሉ፣ በ2013 ታትሟል። ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ የዓሣ አቻ አላቸው። ከበሽታ ጋር እንደሚያያዙ ከሚታወቁት ደግሞ 82 በመቶዎቹ። «ቢያንስ አንድ» ያልኩት በምክንያት ነው። የዚህ ዓሣ ቅድመ አያቶች ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት መላ ጂኖማቸው ተባዝቷል። በዚህ የተነሳ ሰው አንድ ጂን ባለው ቦታ ዓሣው ሁለት ሊኖረው ይችላል። አንዱን ስታጠፉ ሌላው ሥራውን ሸፍኖ ምንም ላታዩ ትችላላችሁ። ዓሣውን ከመምረጣችሁ በፊት ጂናችሁ ስንት ቅጂ እንዳለው ዚፊን በተባለው ነፃ የመረጃ ቋት ላይ ፈልጉ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ የዓመት ድካም ሊያድን ይችላል።

ቲቢና ሥጋ ደዌ፦ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት

ዓሣና አይጥን ለማነጻጸር ከቲቢ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ለእኛ አገርም የቅርብ ጉዳይ ነው። ባክቴሪያው ሲገባ ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ይከቡትና ግራኑሎማ የሚባል እብጠት ይሠራሉ። ለረጅም ጊዜ ግራኑሎማ ባክቴሪያውን የሚያስር አጥር ነው ተብሎ ይታመን ነበር። አይጥ ላይ ይህን ለመፈተሽ እንስሳዋ ትገደላለች፤ ሳንባዋ ይቆራረጣል። የሚታየው የአንድ ቅጽበት ፎቶ ነው። ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን በግምት ነው።

የላሊታ ራማክሪሽናን ቡድን ሌላ መንገድ ያዘ። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የቲቢ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በተፈጥሮውም ዓሣ ያጠቃል። ይህን ባክቴሪያ ለዜብራፊሽ እጭ ሰጡትና እብጠቱ ሲሠራ ከጅምሩ ተከታተሉ። በ2009 ያወጡት ውጤት የአጥሩን እምነት አናጋ። አዳዲስ ማክሮፌጆች ወደ እብጠቱ ይጎርፋሉ፣ የሞተውን ሴል ከነባክቴሪያው ይውጣሉ፣ ራሳቸውም ይያዛሉ። አንዳንዶቹ ወጥተው ሌላ ቦታ አዲስ እብጠት ይጀምራሉ። በመጀመሪያው ደረጃ ባክቴሪያው ግራኑሎማውን መስፋፊያ ያደርገዋል ማለት ነው። ይህ የታየው እንስሳው ብርሃን ስለሚያሳልፍና ስላልተገደለ ብቻ ነው።

በ2017 ደግሞ ተመሳሳይ መንገድ ለሥጋ ደዌ ሠርቷል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ላብራቶሪ ውስጥ በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ አይበቅልም፤ ስለዚህ ማጥናቱ ራሱ ፈተና ነው። ዜብራፊሽ እጭ ላይ ሲታይ ነርቭን የሚጎዱት ባክቴሪያውን የዋጡት ማክሮፌጆች ሆነው ተገኙ። አዲስ አበባ ያለው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም በ1970 ሲቋቋም ዓላማው ይህን በሽታ ማጥናት ነበር። በዚህ መስክ መሥራት የምታስቡ ሰዎች ይህን የዓሣ ሥራ ብታነብቡት እወዳለሁ።

ግን እዚሁ ላይ ገደቡም ቁጭ ብሏል። ዓሣ ሳንባ የለውም። ሰውነቱ 28.5 ዲግሪ ነው፤ የሰው ቲቢ ባክቴሪያ የሚወደው 37 ነው። እጩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለው ተፈጥሯዊ መከላከያ ብቻ ነው። ከክትባት ጋር የሚያያዘው፣ ያለፈ በሽታን የሚያስታውሰው መከላከያ የሚበስለው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ «ይህ የቲቢ ክትባት ይሠራል ወይ?» ብላችሁ የአምስት ቀን እጭ ላይ መልስ አትፈልጉ። እሱ የአይጥ ሥራ ነው። ደግሞ አይጥም ጎዶሎ አለባት። በተለመዱት የላብራቶሪ አይጦች ላይ ግራኑሎማው እንደ ሰው መሀሉ አይበሰብስም። የጎልማሳ ዜብራፊሽ ግራኑሎማ ግን መሀሉ ይበሰብሳል። ለዚህ ነው «አይጥ አጥቢ ስለሆነች ሁልጊዜ ለሰው ትቀርባለች» የሚለውን አባባል የማልቀበለው።

ታሊዶማይድን አስቡ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ነፍሰ ጡሮች የወሰዱት ይህ መድኃኒት በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንዲወለዱ አደረገ። አይጦች ይህን ጉዳት ይቋቋሙታል። መድኃኒቱ ጽንስን እንዴት እንደሚጎዳ ፍንጩ የተገኘው በ2010፣ የጃፓን ተመራማሪዎች ሴሬብሎን የሚባለውን ፕሮቲን ሲለዩ ነው። ማረጋገጫውን ያገኙት በዜብራፊሽ ክንፍና በጫጩት ፅንስ ላይ ነው። ጥያቄው «መድኃኒቱ የእንግዴ ልጅን አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል?» ቢሆን ኖሮ ግን ዓሣው አንድም ቃል አይመልስም ነበር።

ዕፅዋትና መድኃኒት ለምትፈትሹ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን ጨምቆ አይጥ ላይ መፈተሽ የተለመደ ነው። ለወባ ይህ ትክክል ነው። የአይጥ ወባ፣ ፕላዝሞዲየም በርጌይ፣ አይጥ ይፈልጋል፤ ዓሣ አይሆንም።

ጥያቄው «ይህ ጭማቂ መርዛማ ነው?» ከሆነ ግን የዜብራፊሽ ፅንስን በቁም ነገር እንድታስቡበት እለምናለሁ። ኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) በ2013 ያጸደቀው 236ኛው የፍተሻ መመሪያ ለዚሁ የተሠራ ነው። ለእያንዳንዱ መጠን 20 ፅንስ ይያዛል፤ ለ96 ሰዓት በየቀኑ ይታያል። የሚመዘገቡት አራት ነገሮች ናቸው፦ እንቁላሉ ረጋ ወይ፣ የጀርባው ክፍልፋዮች ተሠሩ ወይ፣ ጅራቱ ከአስኳሉ ተላቀቀ ወይ፣ ልብ ይመታል ወይ። እያንዳንዱ ፅንስ ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ብቻ ይበቃዋል። ከስንት ኪሎ ቅጠል ጥቂት ሚሊ ግራም ንጥር ላወጣ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። መድኃኒቱ ውኃው ውስጥ ስለሚጨመር ምን ያህሉ ወደ ፅንሱ እንደገባ አታውቁም። በውኃ የማይሟሟ ነገር ገንዳው ሥር ይዘቅጥና ፅንሱ ምንም ሳይሆን ይቀራል። ያኔ «መርዛማ አይደለም» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ ያልገባ መድኃኒት አይጎዳም።

«ፈጣን ነው» የሚለው ግማሽ እውነት

ፅንሱ ፈጣን ነው። ትውልዱ ግን አይደለም። ዜብራፊሽ ለመራባት ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ክሪስፐር (ጂን ቆርጦ የሚለውጥ መሣሪያ) የተወጋው ዓሣ አንዳንድ ሴሎቹ ብቻ የተለወጡ ድብልቅ ነው። እሱን አሳድጋችሁ ከጤነኛ ጋር ታዳቅላላችሁ። ልጆቹን አሳድጋችሁ እርስ በርስ ታዳቅላላችሁ። የምትፈልጉትን ፅንስ እስክታዩ ከግማሽ ዓመት በላይ ያልፋል። አይጥም በሁለት ሦስት ወር ለመራባት ስለምትደርስ በዚህ በኩል ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። የማስተርስ ጊዜ የተገደበ ስለሆነ አዲስ ሚውታንት ለመሥራት ከማቀድ ያለውን ማስመጣት ይሻላል።

ለጊዜው ብላችሁ ሞርፎሊኖ መጠቀም ታስቡ ይሆናል። ይህ ጂኑን ሳይነካ ሥራውን ለጥቂት ቀናት የሚያፍን ሞለኪውል ነው። በ2000 ዜብራፊሽ ላይ ሲመጣ ሁሉም ተቀበለው። በ2015 ግን በሞርፎሊኖ የታዩ ብዙ ጉድለቶች በእውነተኛ ሚውታንቶች ላይ እንደማይደገሙ ታወቀ። በዚያው ዓመት ሌላ ጥናት ነገሩን አወሳሰበው፤ ሚውታንቱ ራሱ ዘመድ ጂኖችን ቀስቅሶ ጉድለቱን ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ ሞርፎሊኖን ከሚውታንት ጋር አነጻጽሩ እንጂ ብቻውን አታቅርቡ። ገምጋሚዎች የሚጠይቁት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ሌላው ብዙም የማይነገር ጉዳይ የዘር መመሳሰል ነው። ሲ57 ብላክ 6 የሚባሉት አይጦች ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ ስለተዳቀሉ አንዷ የሌላዋ ግልባጭ ናት ማለት ይቻላል። የዜብራፊሽ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ኤቢ የሚባለው፣ እንዲህ አይደሉም። በመካከላቸው ልዩነት አለ። ማነጻጸሪያችሁን ከዚያው ከአንድ እናትና አባት ከተገኙ ፅንሶች ውሰዱ፤ ቁጥሩንም ከፍ አድርጉ።

ዝንብና ትል

የፍራፍሬ ዝንብ በ25 ዲግሪ በ10 ቀን አንድ ትውልድ ትጨርሳለች። ምግቧ የበቆሎ ዱቄት፣ እርሾ፣ ስኳርና አጋር ነው። ቶማስ ሃንት ሞርጋን በ1910 ነጭ ዓይን ያለውን ዝንብ ካገኘ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ የተከማቸ ዕውቀት አለ። ሲ. ኤሌጋንስ የሚባለው ትል ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ነው፤ ባክቴሪያ እየበላ በሦስት ቀን ገደማ ይደርሳል። የሰውነቱ ሴሎች 959፣ የነርቭ ሴሎቹ 302 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ተቆጥረውና ስም ወጥቶላቸው አልቀዋል። በናይትሮጅን ቀዝቅዞ ለዓመታት ተቀምጦ ሲቀልጥ ይነሳል።

ጥያቄያችሁ «ይህ ጂን ከየትኛው ጂን ጋር ይሠራል?» ከሆነና የደም ሥር፣ አጥንት ወይም ኩላሊት የማያስፈልጋችሁ ከሆነ እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ። አገር ቤት ከባዶ ላብራቶሪ ለሚጀምር ሰው እኔ ከዜብራፊሽ በፊት ዝንብን እመክራለሁ። ጠርሙስ፣ ጥጥ፣ ማይክሮስኮፕና የሙቀት ሳጥን ካለ ሥራ ይጀመራል።

ልብን የመሰለ ነገር ሲመጣ ግን ወደ ዓሣው ትመለሳላችሁ። በ2002 እንደታየው ጎልማሳ ዜብራፊሽ የልቡ ታችኛው ክፍል 20 በመቶው ቢቆረጥ በሁለት ወር ገደማ መልሶ ያበቅለዋል። አይጥ ይህን የምትችለው በተወለደች በመጀመሪያው ቀን ነው፤ በሰባተኛው ቀን አቅሙ ጠፍቷል። እዚህ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ራሱ ጥያቄው ነው፦ አንዱ የያዘውን ሌላዋ ለምን ተወችው?

ውኃ፣ መብራትና ፈቃድ

ዓሣ ርካሽ ነው የሚሉት አንዱን ዓሣ ከአንዷ አይጥ ጋር ሲያስተያዩ ነው። ዓሣው ግን የሚኖረው ውኃ ውስጥ ነው፤ ወጪውም ያለው እዚያ ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን ዓሣ ይገድላል። አዲስ ገንዳ ውስጥ አሞኒያን የሚያጠፉ ባክቴሪያዎች እስኪበረክቱ ሳምንታት መጠበቅ ግድ ነው። ይህን ሳይጠብቁ ዓሣ ያስገቡ ብዙዎች ገንዳ ሙሉ ሬሳ አውጥተዋል።

አዲስ አበባ ላይ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። ከተማዋ ብርድ ስለሆነች ውኃውን ሌት ተቀን ማሞቅ ይጠይቃል። ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ደግሞ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ያንሳል፤ ውኃው ሲሞቅ ይብስበታል። ስለዚህ የአየር ፓምፕ የግድ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ማሞቂያውም አብረው ይቆማሉ። መጠባበቂያ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር በበጀቱ ውስጥ ከሌለ ዓሣውን አታምጡ። አይጥ መብራት ጠፍቶ ብታድር አትሞትም።

የመብራቱ ሰዓት ለሌላም ይጠቅማል። ዓሦቹ እንቁላል የሚጥሉት መብራት ሲበራ ነው። 14 ሰዓት ብርሃን፣ 10 ሰዓት ጨለማ ተደርጎ በሰዓት ቆጣሪ ይያዛል። የመብራቱ ሰዓት ከተዘበራረቀ እንቁላል አይገኝም።

አውሮፓ ለምትማሩ ደግሞ ሕጉን እወቁት። በ2010 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ የዓሣ እጭን የሚጠብቀው ራሱን ችሎ መመገብ ሲጀምር ነው፤ ለዜብራፊሽ ይህ አምስት ቀን ተብሎ ይወሰዳል። ከዚያ በፊት ያለ ሙከራ የእንስሳ ሙከራ ተብሎ አይቆጠርም። ይህ ሥራ ያቀላል፤ ግን ከአምስት ቀን በታች ያለ እጭ ሕመም አይሰማውም የሚል ፈቃድ አድርጋችሁ አትውሰዱት። ማደንዘዣው፣ ትሪኬይን፣ ከዚያ በፊትም ይሠራል። የቻላችሁትን ሁሉ አደንዝዛችሁ ሥሩ።

ዝርያ ከየት ይመጣል? ዜብራፊሽ ከኦሪገን ዩጂን ወይም ከጀርመን ካርልስሩኸ የዝርያ ማዕከላት ይታዘዛል። ዝንብ ከኢንዲያና ብሉሚንግተን፣ ትል ከሚኒሶታ፣ አይጥ ከሜን ግዛት ጃክሰን ላብራቶሪ። ትሉ በትንሽ ሳህን ላይ በፖስታ ይደርሳል። ዓሣው ግን ሕይወት ያለው ጭነት ነው፤ ጉምሩክ ላይ መቆየት አይችልም። ከማዘዛችሁ በፊት የማስገቢያ ፈቃዱንና የተቋማችሁን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ውሳኔ በእጃችሁ ያዙ። የቀን ሠራተኛውንም ቀድማችሁ አስቡ፦ ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓልም ቀን ዓሦቹን የሚመግብና ገንዳውን የሚያይ ሰው ስሙ ተጽፎ መታወቅ አለበት።